የደሳለ ዓሣና የገደሉ አሞሮች

ደሳለ ባሕር አይቶ አያውቅም። ያየው ትልቁ ውሃ ክረምት የሞላ ወንዝ ነው፤ እሱም ፍየል ወስዶበታል። ዕድሜውን ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም እንግዳ ሲመራ ኖሮ፣ አንድ አሞራ ቆጣሪ ፈረንጅ አሞሮች ከሚያድሩበት ገደል ሥር አስቀምጦ የሻርክ ፎቶ አሳየው። ከዚያ ወዲህ ከዓሣው ጋር ዘመድ ሆነ።

ይሄ ሻርክ ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ይኖራል። ሦስት መቶ ዓመት የሚያልፈውም አለ አሉ፤ ለመውለድ ግን መቶ ሃምሳ ዓመት ይቆያል። የሰመጠ ጥንብ ይበላል። የገደሉ ጥንብ አንሳ አሞራም ያው ጥንብ ነው የሚበላው፤ ሴቷም በዓመት አንዲት እንቁላል ትጥላለች። ሁለቱም ካለቁ ቶሎ አይተኩም። የዓሣውን ማለቅ ግን የሚያይ የለም፤ የአሞራው በዓይናችን ፊት ነው። ደሳለ ልጅ ሳለ ገደሉ በኩሳቸው ነጭ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ቀርተዋል። ይህን በየማኅበሩ ሲደጋግም ጋሽ ሻርክ የሚል ስም ወጣለት።

የጎረቤቱን የሰውአገኝን አህያ ጅብ በላበት። እሱም የተረፈው ሬሳ ላይ መርዝ ነሰነሰ። አሞሮቹ በልተው እንዳይሞቱ ሬሳውን እንዲቀብር ደሳለ ለመነው።

«እኔ የጠራሁት ጅብ ነው» አለ ሰውአገኝ፤ «አሞራ ከመጣ ያልተጠራ እንግዳ ነው።»

በማግስቱ የሰውአገኝ ልጅ ክርስትና ነበር። የክርስትና አባት የሚሆነው ደሳለ ነው። ሃምሳ አልፎት ልጅ አልወለደም፤ ያቺን ቀን አርባ ቀን ሙሉ ሲቆጥራት ከርሟል። ማለዳ አዲስ ነጠላ አጣፍቶ ሲወጣ ቀና አለ። አሞሮቹ እየዞሩ ይወርዳሉ። ትቷቸው ቢያልፍ፣ ሲመለስ ገደሉ ባዶ ነው። ጥንብ ከነካ ደግሞ ረክሷል ተብሎ ሕፃኑን አያነሳም።

ነጠላውን እጁ ላይ ጠቀለለና የአህያውን እግር ይዞ ሬሳውን ጎተተ። ቦይ ውስጥ ከትቶ ድንጋይ ከመረበት። አሞሮቹ ዙሪያውን እንደ ለቀስተኛ ተቀምጠው አዩት።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆሸሸ ነጠላውን አይተው ጠየቁት፤ አልዋሸም። ከደጅ እንዲቆም ነገሩት። ሕፃኑን ሌላ ሰው አነሳው። ደሳለ ከግንቡ ውጭ ሆኖ የልጁን ልቅሶ ሰማ።

ሰውአገኝ ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ስንት ቀሩ?»

«አሥራ አንድ።»

«ያ ዓሣህስ?»

«እሱን ማን ቆጥሮት።»

ሰውአገኝ አልሳቀም። ድንጋይ ብቻውን ከሆነ ጅብ ይገለብጠዋል አለና፣ ድግሱን ትቶ ሬሳውን አፈር የሚያለብሱበት አካፋ ሊያመጣ ሄደ።