ሚሹ መብላት ያቆመ ጊዜ

የመጀመሪያው ምልክት የደረሰኝ በስልክ ነበር።

የባለቤቴ የራህመት እህት ሲያትል ትሞሸር ስለነበር ሦስታችንም፣ እኔ፣ ራህመትና ልጃችን ሀያት፣ እዚያው ነበርን። ድመታችንን ሚሹን ከቤታችን አቅራቢያ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ከቻምበርስ ሮድ ብዙ በማይርቅ የድመት ማቆያ ትተነው ነው የሄድነው። የደወለችልኝ እዚያ የምትሠራ ወጣት አሜሪካዊት ናት።

"ሚሹ ምግቡን ትቶታል። ትናንትም አልነካውም። ሐኪም እንዲያየው ይፈልጋሉ?" አለችኝ።

ዙሪያዬን የሠርግ ጫጫታ ነበር። "አኩርፎ ነው፤ ሲርበው ይበላል። እስክንመጣ ይቆይ" አልኳት። አመስግኜ ዘጋሁት።

ለሀያት አልነገርኳትም። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ሚሹን ገና ዓይኑን እንደገለጠ ከጎረቤት ተቀብላ ያሳደገችው እሷ ናት። ብነግራት እንመለስ ብላ ታለቅሳለች፣ የራህመት ደስታ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ዘመድ "ምነው፣ ትንሽ ብትቆዩ" ሲለን ራህመትም እንቆይ አለች፤ መመለሻችንን አራዘምን። ማቆያው ዳግመኛ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ይህን የምጽፈው ድመት ለምታሳድጉና ስትጓዙ ለሰው ትታችሁ ለምትሄዱ ነው። ድመት እንደሚያኮርፍ አውቃለሁ፤ ምግብ ትቶ በመቆየቱ ብቻ ጉበቱ እንደሚታመም ግን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሚሹ ወፍራም ነበር። ያን ጊዜ ታክሲ እነዳ ነበር፤ በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ገና መግባታቸው ነበር። ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ውዬ ሞንትቤሎ ወዳለው ቤታችን ስገባ በሩ ላይ ተጋድሞ መንገድ ይዘጋብኝ ነበር። ከማቆያው ልናወጣው ስንሄድ ግን መያዣ ሳጥኑን ሳነሳው ቀለለኝ። ሀያት መኪናው ውስጥ ሳጥኑን ከፍታ ጠራችው። አልተነሳም። ጆሮውን ገለጥ አድርጋ አየች።

"ባባ፣ ሂ ኢዝ የሎው" አለች።

አየሁት። የጆሮው ውስጥ ቢጫ ነበር። ድዱም ቢጫ ነበር። ከአፉ ምራቅ ይዝረበረባል።

በቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ነዳሁ። ሐኪሟ ፀጉሯ የሸበተ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ደም ወሰደች፤ ሆዱን በአልትራሳውንድ አየች። ከዚያ እኔንና ሀያትን አስቀመጠችን።

"ሄፓቲክ ሊፒዶሲስ ይባላል" አለች። "ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ መብላት ሲያቆም ሰውነቱ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ጉበት ይልካል። ጉበቱ ያን ሁሉ አይችለውም። ቢጫ የሆነው ጉበት ማስወገድ የነበረበት ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ቀለም ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። መብላት ያቆመው መቼ ነው?"

"እኛ ሲያትል እንደደረስን አካባቢ" አልኩ።

"በምን አወቁ?"

"ከማቆያው ደውለውልኝ ነበር።"

ሀያት ዞር ብላ አየችኝ። "ዩ ኒው?" አለች፤ ታውቅ ነበር? ማለቷ ነው።

መልሴን ሳትጠብቅ ፊቷን ወደ ሐኪሟ መለሰች።

ሐኪሟ ቀጠለች። "ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ እንዳይሰቃይ በመርፌ ማሳረፍ ነው፤ ያን ቢመርጡ አልፈርድብዎትም። ሌላው አንገቱን በትንሹ ቀደን ወደ ጉሮሮው በምናስገባው ቱቦ መመገብ ነው። መጀመሪያ እዚህ ይተኛል። ከዚያ እቤት እናንተ ታበሉታላችሁ። ሳምንታት ይወስዳል። ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ሁሉም ግን አይድኑም።"

"ቱቦው ይግባለት" አልኩ።

የሚያሰጋው ማደንዘዣው ነበር። የታመመ ጉበት ማደንዘዣ ይከብደዋል። ራህመትም ክሊኒኩ መጥታ ስለነበር ሀያት ውስጥ እናቷ ጎን ተቀመጠች። እኔ መኪናው ውስጥ ጠበቅኩ። ልጅ ሆኜ መድረሳ ቁርአን ስንቀራ ድመት ዘግታ በረሃብ በመግደሏ ጀሀነም ስለገባች ሴት ተነግሮናል። የማስበው እሷን ነበር። እኔም ዘግቼበት ነው የሄድኩት። ዱዓ ልያዝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ።

ራህመት መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። "ከማደንዘዣው ወጥቷል። ይተነፍሳል" አለችኝ። ቀጥላም "እንቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለብቻህ አትሸከመው" አለች። ስልኩን ያነሳችው ግን እሷ አልነበረችም።

ሚሹ እቤት ሲመለስ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከፋሻው የቱቦው ጫፍ ወጥቶ ነበር። ምግቡን ለብ ባለ ውሃ አቅጥነን፣ በሲሪንጅ ስበን፣ ቱቦውን በፊትም በኋላም በውሃ እያጠብን እንድንሰጠው አስተምረውን ስለነበር፣ በቀን ብዙ ጊዜ እኔና ሀያት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ እሷ በፎጣ ጠቅልላ ትይዘዋለች፣ እኔ ሲሪንጁን እገፋለሁ። ስለ ሚሹ ካልሆነ በቀር አታናግረኝም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቸኩዬ ብገፋው አስመለሰው። ሀያት እጄን ያዘችና "ስሎው፣ ባባ፣ ስሎው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ግፋ ሳትለኝ ገፍቼ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እያበላነው ሳለ ቀና ሳትል "ለምን አልነገርከኝም?" አለች፣ በአማርኛ።

"ሠርጉ እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው።"

"ብትነግረኝ በስልክ ድምፄን ያሰሙት ነበር እኮ" አለች። "ድምፄን ያውቃል።"

ሐኪሟ ከነገረችን ሁሉ ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ። ለእኔ የታየኝ መመለስ ወይም መቅረት ብቻ ነበር፤ ልጄ ግን ብትጠየቅ ኖሮ ሦስተኛ መንገድ ነበራት።

ቀስ በቀስ ጆሮው ወደ ሮዝ ተመለሰ፣ ምራቁ ቆመ፣ ከሶፋው ሥር መደበቁን ትቶ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት መሄድ ጀመረ፤ ራህመት የተቀቀለ ዶሮ ስትቦጫጭቅ ደግሞ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ጣቷን ልሶ አንዲት ቁራሽ በላ። ራህመት እንዳይደነግጥ ሳትንቀሳቀስ "ኑ፣ ኑ፣ እዩት" እያለች በሹክሹክታ ጠራችን። ከዚያች ቁራሽ በኋላም ቱቦው ሳምንታት ቆይቶ ነው የወጣው። ቦታው ላይ ፀጉር ያልሸፈነው ጠባሳ ቀርቷል።

ወደ ማቆያው ተመልሼ ለዚያች ወጣት የሆነውን ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነም ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔም ደግሜ መደወል ነበረብኝ" አለች። እኔ ብቻ የተጨነቅኩ መስሎኝ ነበር።

እሷን፣ ሐኪሟንና ልጄን አመሰግናለሁ። ሀያት ይቅር ብዬሃለሁ ብላኛለች። ሚሹን ማቆያ ስናስገባ ግን አሁንም የምታስመዘግበው የራሷን ስልክ ነው፤ እኔም ያንተ ይሁን እንድትለኝ አልጠብቅም።

ድመታችሁን ለሰው ስትተዉ ምግብ ከተወ ሳይጠይቋችሁ ሐኪም እንዲያሳዩት አስቀድማችሁ ፈቃድ ስጡ። አልበላም ሲሏችሁ አኩርፎ ነው አትበሉ፤ በዚያው ቀን ይታይ። የሚወደው ሰው ልጅም ቢሆን ንገሩት። ዘግይታችሁ ከሆነ ደግሞ እንደ እኔ መኪና ውስጥ አትቀመጡ፤ ግቡ። ጸጸቱ የትም አይሄድም፣ ይጠብቃችኋል። ድመቱ ግን አይጠብቅም። መጀመሪያ እሱን አብሉት።