ተኳሹ የማይሞትበት ታሪክ

ፍኖተ ሰላም አማርኛ በማስተምርበት ዘመን የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ኃላፊ ማለት እንግዲህ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ መያዝ፣ ዓርብ ዓርብ በሰንደቅ ዓላማው ሥር የሚነበበውን ድርሰት ማረምና ለድምፅ ማጉያው ባትሪ መለመን ነው። የክበቡ ልጆች ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ፤ ብዕር ሲይዙ ግን ምሕረት አያውቁም። ያፈቀረችው ትሞታለች፣ የኮረጀውን መኪና ይገጨዋል። ጠብመንጃ የተኮሰማ አያድርስ ነው! ወይ ያብዳል፣ ወይ ገደል ይገባል፣ ወይ በዚያው ጠብመንጃ ራሱን ያጠፋል። ደወል ሳይደወል ሁሉም ተቀብሮ ያልቃል። መደርደሪያው ላይ የነበሩት ለወጣቶች የተጻፉ መጻሕፍትም ከዚህ ብዙ አይሻሉም ነበር። እኔም ሆሄያቱን እያረምሁ፣ በሬሳው ብዛት እየሳቅሁ አሳልፋቸው ነበር።

ከክበቡ ልጆች አንዷ በቡሬ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች፣ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ስትሄድ ሁልጊዜ መጽሐፍ ትዋሳለች። እንዴት ያለች አንባቢ ናት እያልሁ ለመምህራኑ ሁሉ አወራላት ነበር።

አንድ ዓርብ ግን የተዋሰችውን መልሳ ባዶ እጇን ቆመች።

«ቲቸር፣ ተኳሹ የማይሞትበት የለዎትም?» አለችኝ።

«ምነው፣ ልቅሶው ሰለቸሽ?» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። «የሚያነበው ወንድሜ ነው» አለች፤ ቀጥላም ሁሉንም ነገረችኝ።

ወንድሟ በአንድ ጎረቤት ሠርግ ላይ እንደ አገሩ ደንብ ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ሊተኩስ ጠብመንጃ አነሣ። አንዱ እየፎከረ ሲዘል ትከሻውን ገፋው፤ አፈሙዙ ዝቅ አለ፤ ጥይቱ አብሮ አደጉን፣ ከጎኑ እየጨፈረ የነበረውን ጓደኛውን ገደለው። ታሰረ፣ ተፈታ። ሽማግሌዎች ገብተው ድንጋይ ተሸክሞ በሟች እናት እግር ላይ ወደቀ፤ እርቅም ወረደ። ከዚያ ወዲህ ግን ከቤት አይወጣም። ገበያ የለ፣ ማኅበር የለ። ለከብቶቹ ውሃ ሲወርድ እንኳ የሴትዮዋን ደጅ ሽሽት በወንዙ በኩል ዞሮ ነው። ሥራው ማንበብ ብቻ ሆነ።

«ባለፈው መጽሐፉን ሲጨርስ "እኔ ምን ቀረኝ ታዲያ?" አለኝ» አለችኝ። «እርስዎን ባላስቸግር አንድ ብቻ ይፈልጉልኝ።»

ደነገጥሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ። ያን መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ፈተሽሁት። ሰው መግደልን የሚያወግዝ ሞልቷል፤ የገደለ ሰው በማግሥቱ ተነሥቶ ፊቱን እንዴት እንደሚታጠብ የሚናገር ግን የለም። ደራሲዎቹ ሁሉ ጸጸትን ያመጡታል፤ አመጡትና የት እንደሚያደርሱት ሲጠፋቸው ባለቤቱን ገድለው ይገላገላሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው ለካ ለመጽሐፍም ይሠራል።

«የለም፤ ስለዚህ አንቺ ትጽፊዋለሽ» አልኋት።

ጻፈችው። ዓርብ የሚነበበውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነበርና ወሰድሁለት። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«መልእክቱ የታለ? ሰው የገደለ ሰው በመጨረሻ በርበሬ ሲለቅም ይታያል እንዴ?»

«አዎ፣ በርበሬ ሲለቅም።»

«ቅጣቱስ?»

«እርስዎ በርበሬ ለቅመው ያውቃሉ?» አልሁት።

የገበሬ ልጅ ነውና እጅ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቃል፤ መዳፉን አይቶ ሳቀና ፈቀደ። በሚቀጥለው ዓርብ ሊነበብ ተስማማን። ልጅቱም ጽሑፏን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እሑድን በሰላም አልዋልሁም። ደግ ያደረግን መስሎን ቁስሉን ብንነካካውስ እያልሁ ስብሰለሰል ዋልሁ።

ሰኞ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ጎልማሳ ቆሞ አገኘሁ። የእኅቱን ወረቀት በእጁ ጨብጧል።

«የእኅቴ መምህር እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ግባ።»

አልገባም። «ይኸ ውሸት ነው» አለኝ።

ወረቀቱን ዘረጋው። እኅቱ በእርቁ ቀን የሟች እናት እሱን ከወደቀበት አንሥተው ሲስሙት፣ «ከእንግዲህ ልጄ አንተ ነህ» ሲሉት አድርጋ ጽፋለች። እኔም እዚያ ላይ ስደርስ አልቅሼ ነበር።

«አልሳሙኝም» አለ። «ልጄም አላሉኝ። ሽማግሌዎቹ ከሳቸው እጅ ውሃ ቅመስ አሉኝ፤ ደንብ ነው። እሳቸውም በጣሳ ሰጡኝ፤ ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነበር። ጣሳውን ስለማያዩት ውሃው መሬት ይፈስ ነበር። እኔም የቀረውን ጠጣሁ።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ አደረገ። «ሳሙኝ ከተባለማ፣ የእሳቸውን ነገር ማን ያውቅላቸዋል? ቀላል አስመሰላችሁት እኮ። ለእኔ አይዶለም፤ ለሳቸው ስትሉ አስተካክሉት።»

ያ ሁሉ መጽሐፍ እየተነበበ ስለ ሟች እናት የጠየቀ የመጀመሪያው አንባቢ እሱ ነበር።

«እኅትህ የተመኘችውን ነው የጻፈች፤ ያየኸው አንተ ነህ። ራስህ ጻፈው» አልሁት።

«እኔ?» አለና ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። «ዛሬ ስመጣ በደጃቸው ነው ያለፍሁ።»

«በወንዙ በኩል አልዞርህም?»

«ንዴቱ አስረሳኝ። ለካስ እህል እያሰጡ ነበር። "ወዴት ነው?" አሉኝ። "ከተማ" አልኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። መጣሁ።»

እስክሪብቶ ሰጠሁት። በደረት ኪሱ ሰካውና «በገበያው ቀን አመጣዋለሁ» አለኝ። ከተማው በሰው የሚሞላው በገበያ ቀን ነው፤ እሱም ይኸን ያውቃል።

በገበያው ቀን መጣ። እኅቱ የጻፈችውን መጨረሻ ሰርዞ ውሃውንና ግድግዳውን አስገብቶበታል፤ የታሪኩ ማብቂያም ሴትዮዋ «ወዴት ነው?» ሲሉት፣ እሱም «ከተማ» ሲላቸው ሆኗል። ዓርብ ልጅቱ በሰንደቅ ዓላማው ሥር አነበበችው። የክበቡ ልጆች እስከ መጨረሻው ተኳሹ ገደል እስኪገባ ሲጠብቁ ነበር። ከዚያች ጥይት ወዲያ ግን ማንም አልሞተም።