የእህቴ ግማሽ ሹሩባ

እንግዳ ተቀባይነታችን ሲሞገስ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ምክንያት አለኝ።

እህቴ ካናዳ ወዳለው ባሏ ስትሄድ፣ አውሮፕላን የምትሳፈረው ከናይሮቢ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥታ ማታ በኢትዮጵያው ሞያሌ አደረች። ከእኛ ከኬንያው ሞያሌ ደግሞ ቦሎቄ ጭኖ ናይሮቢ በሚሄድ ሎሪ ላይ ከሾፌሩ ጎን ቦታ ይዘንላት ነበር። እኛ ዘንድ የምትቆየው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ፀጉሯን ሠርታ መሸኘት። እህቴ ለትምህርት አዲስ አበባ አክስታችን ዘንድ ከሄደች ጀምሮ የእናቴ እጅ ራሷን ነክቶት አያውቅም። ሚዶውን አጥባ፣ ቅቤውን አዘጋጅታ፣ መቀመጫ ዱካውን ከሻይ ቤታችን ጓዳ አስቀምጣ ጠበቀቻት።

ከአምስቱ ሰዓት ሁለቱን ኬላው በላቸው። ማህተም የሚመታው ኬንያዊ ሰውዬ እህቴንና ልቀበላት የሄድኩትን እኔን ደጅ አቁሞ፣ “ንጎጃ፣ ጠብቁ” ብሎን ሻይ ሊጠጣ ወጣ። የጠጣው እኛው ቤት ነው። የቀዳችለት እናቴ ናት፤ ልጇን አስቁሞ እንደመጣ አላወቀችም። ይህን ስሰማ ብርጭቆውን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ገና ሁለት ጉንጉን እንደጨረሰች ሸኚው መግባት ጀመረ። የጎረቤታችን ባለሱቅ ለልጇ የሚደርስ አንድ ኪሎ በርበሬ ይዛ መጣች። ልጇ ያለው አውስትራሊያ ነው።

“እሷ እኮ ካናዳ ነው የምትሄደው” አልኳት።

“ያው ፈረንጅ አገር አይደል? አንዱ ለአንዱ ያደርሰዋል” አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከቡቲዬ መንደር የሟች አባቴ ወዳጅ ወተት ይዘው መጡ፤ ምርቃታቸው ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሌሎችም ተከተሉ። አንድ ሰው በገባ ቁጥር እናቴ ትነሳለች፣ እጇን ትጠርጋለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ደህንነቱን ትጠይቃለች። ተመልሳ ስትቀመጥ የከፈለችው ፀጉር ተቀላቅሎ ይጠብቃታል። እህቴ ራሷን እንደደፋች ናት። እኔ ሰዓቱን እያየሁ ተቃጠልኩ።

“እማ፣ በሩን ልዝጋው።”

“ሰው ልጄን ሊሸኝ መጥቶ? ኋላ ምን ይሉናል?”

“ያሉትን ይበሉ።”

“አፍሽን ሰብስቢ” አለችኝና እንደገና ተነሳች።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የሎሪው ጥሩምባ ጮኸ። ሮጬ ወጥቼ ሾፌሩን ለመንኩት። “ትዌንዴ! እንሂድ እንጂ። ሎሪዎቹን በመንገድ የሚያጅቡት ፖሊሶች እኔን አይጠብቁም” አለኝ። ስመለስ የእህቴ ራስ በግራ በኩል ተሠርቷል፤ በቀኝ በኩል እንደተበተነ ነው። እናቴ የራሷን ሻሽ ፈትታ አሰረችላት። ተቃቀፉ፤ እዚያም ላይ ባለሱቋ መሃላቸው ገብታ በርበሬውን እንዳትረሳ አሳሰበች።

ሎሪው ሲሄድ አቧራውን ቆሜ አየሁና ተመለስኩ። እንግዶቹ እንደተቀመጡ ናቸው። አንደኛው ሁለተኛ ሻይ ጠየቀኝ።

“ተነሡ፣ ውጡልን” አልኩ። “የመጣችሁላት ሄዳለች። ለእናቷ አንድ ሰዓት እንኳ አልተዋችሁላትም።”

እያጉረመረሙ ወጡ። እናቴ እስከ በሩ ተከትላ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ይህ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ጓዳ ስትመለስ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ሚዶውን አነሳች። “ነይ እስቲ፣ እጄ ቅቤ እንደነካ አንቺን ልሥራሽ” አለችኝ።

ጊዜ ሞልቶኝ ነበር፤ ከዚያ እስከ ማታ ምንም ሥራ አልነበረኝም።

“ተይኝ” ብያት ወጣሁ። ንዴቴ በርዶልኝ ስመለስ ቅቤውን ከእጇ ታጥባ ብርጭቆ ትሰበስብ ነበር።