ሦስት ሺህ ላይ ያለው ጭረት

ያን ዓመት የወፍጮአችን ድምፅ የለዘበ መስሎኝ ነበር። ቆቦ ውስጥ ማሽላና ጤፍ ስንፈጭ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል። እህሉ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፤ ያን ሰምቶ ቶሎ ያልጨመረ ሰው ድንጋይ ከድንጋይ ያፋትጋል። ሥራዬ በጆሮዬ ነበር።

ባለቤቴ እዚያው ጎን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ፍጥነቱ የተዛባ ቴፕ ሲመጣለት በግምት መሥራት ስለሰለቸው፣ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ ሠራ። መርፌውን ከተበላሸ ቴስተር ፈታ፤ ጥቂት ትራንዚስተርና ኮንደንሰር በየደበት። ሬዲዮ ጣቢያው ስርጭት ሳይጀምር የሚለቀው ረጅም ድምፅ አንድ ሺህ መሆኑን ያውቅ ነበርና፣ መርፌው በዚያ ድምፅ የቆመበትን ምልክት አድርጎ ቀሪውን እኩል ከፋፈለው። እስከ አምስት ሺህ ያሉትን ቁጥሮች በእስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሊሞክረው የተነሳ ቀን ከሮቢት የመጣች ደንበኛችን ደጃፉ ላይ ተራ ትጠብቅ ነበር። ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ሰርኪዩት ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ቁልፉን ማዞር ጀመረ። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። መርፌው ግን መውጣቱን አላቆመም።

«ተቋረጠብህ» አልኩት።

ሴትዮዋ ሁለት ጆሮዋን ይዛለች። «ኧረ ጋሼ፣ ጆሮዬ አንዴ ተበስቷል፤ ደግመው ሊበሱት ነው?»

ባለቤቴ አልሳቀም። እኔን አየኝና ቁልፉን ቀስ ብሎ መለሰ። መስማት ስጀምር እጄን አነሳሁ። ሦስት ሺህ ላይ በእርሳስ ጫረ። ለሴትዮዋ ዕቃው ገና እንዳልተስተካከለ ነገራት።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መለኪያው ፊት ያስቀምጠኝ ጀመር። ሁለተኛው ጭረት ከመጀመሪያው ዝቅ አለ። ሦስተኛው ከሁለት ሺህ ብዙም አልራቀም።

በመሃሉ አንድ ቀን የተቃጠለ ድንጋይ ሸተተኝ። ቀና ስል ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እኔን ያያሉ። እህሉ አልቆ ወፍጮው ባዶውን ይዞር ነበር። ስንት ጊዜ እንደጠሩኝ አልጠየቅኳቸውም። የዚያን ቀን ዱቄት የወሰደች ጎረቤት፣ እንጀራው አሸዋ አሸዋ እንደሚል ለሰው ስትናገር ከረመች።

ባለቤቴ ሰው እንቅጠር አለኝ። ለጊዜው ይቆይ አልኩት።

«ይኼ ነገር ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም» አለ።

«አይቻለሁ።»

በማግስቱ ወፍጮውን አስነሳሁና ግራ መዳፌን ድንጋዩ ያለበት ሣጥን ላይ አስቀመጥኩ። እህል ሲኖርና ሲያልቅ መንቀጥቀጡ ይለያያል። ቀኑን ሙሉ ያንን ሳጠና ዋልኩ። እስከሚቀጥለው ልኬት ሦስት ሳምንት ነበረኝ።