ጉሮሮዬን የዘጋው ናፍቆት

መጀመሪያ ያስቸገረኝ መዋጥ ነበር። ከጎባ መጥቼ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ አንድ የጠበቃ ቢሮ በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ምሳ ላይ የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በውሃ አወረድኩት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

አክስቴ የሞተችው በጉሮሮ ካንሰር ነው። እሷንም የጀመራት እንዲህ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ደውላ «በላሽ?» ስትለኝ «ጠግቤያለሁ» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ድንጋጤ ይይዘኛል። ልቤ ይመታል። በሁለት ወር ውስጥ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። የሥራ መልቀቂያ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞር ጀመር።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ አዞረኝ። ሐኪም ቤት የወሰዱኝ አከራዬ እትዬ አልማዝ ናቸው። የደምና የታይሮይድ ምርመራ ተደረገልኝ። ጉሮሮን በካሜራ የሚያይ ኢንዶስኮፒም ታዘዘ፤ ቀጠሮው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በእነዚያ ቀናት ውሃም አልወርድ አለኝ።

ዶክተሯ የምርመራዎቹን ሁሉ ውጤት አዩና «ጉሮሮሽ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ደስ አላለኝም። ታዲያ ምንድን ነው የያዘኝ?

«ቤታችሁ ከማን ጋር ነበር የምትበይው?»

«ስድስት ሆነን፣ በአንድ ትሪ።»

«እዚህስ?»

«ብቻዬን» ብዬ አለቀስኩ።

«ናፍቆት ነው፤ አንዛይቲ፣ ማለት ከባድ ጭንቀት፣ ተጨምሮበታል» አሉኝ። «የሚሰማሽ እውነተኛ ሕመም ነው፤ ግን ይድናል። ዛሬውኑ ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት።»

ነገርኳት። «እኔም አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምግብ አይበላልኝም» አለችኝ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።» ለካስ ሁለታችንም ስንዋሻሽ ነው የከረምነው።

ወዲያው አልዳንኩም። እትዬ አልማዝ ከእሳቸውና ከልጃቸው ጋር ራት እንድበላ ጠርተውኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስት ጉርሻ እንኳን ሳልጨርስ ብነሳም አንድም ቀን «ብዪ እንጂ» ብለው ሳያስጨንቁኝ፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ሠፈሩ ወሬ እያወሩ እስክለምድ ጠበቁኝ። ዶክተሯ የላኩኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በየሳምንቱ እየሄድኩ፣ ድንጋጤው ሲመጣ አተነፋፈሴን ማረጋጋት ተማርኩ። ለፋሲካ ጎባ ደርሼ ስመለስ ሕመሙ ለአንድ ሳምንት አገረሸብኝ፤ ያኔ ግን ምን እንደሆነ ስላወቅኩት እንደ ድሮው አላስፈራኝም።

ዶክተሯንም እትዬ አልማዝንም እግዜር ይስጥልኝ። ከአገራችሁ ርቃችሁ ሰውነታችሁ እንቢ ካላችሁ፣ በሽታውን ለራሳችሁ ከመሰየማችሁ በፊት ተመርመሩ። አጠገባችሁ ላለ አንድ ሰውም ንገሩ። እኔ ስምንት ኪሎ እስክቀንስ ዝም ብያለሁ። እናንተ ያን ያህል አትቆዩ።