እጄ የለመደው ኮምፒውተር

ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው «ማክ ይሻላል፣ የለም ዊንዶውስ ነው የሚሻለው» እያሉ ሲከራከሩ ስሰማ ዛሬም ሻዬን ትቼ እነሳለሁ። እነሱስ ለጨዋታ ነው፤ ሻያቸው ይቀዘቅዝባቸው እንደሆነ እንጂ ሌላ የሚቀርባቸው ነገር የለም። እኔ ግን ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኮምፒውተር ገና አርባ ምንጭ እየገባ በነበረበት ጊዜ፣ በእነዚህ በሁለቱ ሳቢያ እንጀራዬን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሴቻ፣ በከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ለደጋው አገር ምንጭ በሚያጎለብት አንድ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የተቀጠርኩት በታይፕ ነው። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ስለሆነ በአማርኛዬ የሚስቅ አይጠፋም ነበር፤ ወንዱን «ነይ»፣ ሴቷን «ና» እያልኩ ስንቱን እንግዳ አስቄያለሁ። ታይፕ ላይ ስቀመጥ ግን ማን አባቱ ይስቅብኝ! ዓይኔ ባለጉዳዩ ላይ፣ ጆሮዬ ስልኩ ላይ፣ ጣቶቼ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ትልልቅ ሰዎች እንኳ በሩ ላይ ቆም ብለው ያዩኝ ነበር። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ፍጥነቱን ትንሽ እጨምርላቸዋለሁ። ጉራ ነው፤ ምን ይደረግ።

የድርጅቱ ኃላፊ የነበረው ፈረንጅ አንድ ጊዜ ከእረፍት ሲመለስ ማክ ይዞ መጣ። ስክሪኑም ሆዱም አንድ ላይ የተሠራ፣ ትንሽዬ ነገር ነው። መጀመሪያ አልነካም ብዬ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ካለ ወዳጁ ያገኘውን የአማርኛ ፕሮግራም ጫነበት። የፊደሎቹ አቀማመጥ ልክ የታይፕራይተሩ ነው፤ እጄን ሳሳርፍበት እጄ አወቀው። ወይ ደስታ! ጫጫታ የለ፣ ካርቦን የለ፣ የተሳሳተውን በነጭ ቀለም መለቅለቅ የለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ያው እኔው ነበርኩ።

ፈረንጁ ኮንትራቱ አልቆ ሄደ፤ ማኩን ትቶልን ነው የሄደው። በእሱ ቦታ ከአዲስ አበባ አንድ ኢንጂነር ተመደበ። እሱም ዊንዶውስ ያለበትን ኮምፒውተር ይዞ መጣና፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ተምሮ የተመረቀ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ለዕቅድ ሥራ ቀጠረ። ቢሮው ጠባብ፣ ፕሪንተሩ አንድ፣ መብራቱ ሲዋዥቅ ማሽን የሚያድነው ስታብላይዘርም አንድ። አንድ ቀን ኢንጂነሩ ጠርቶን፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር አላስተዳድርም ማለቱን ነገረን። አንዱ ይቀራል፣ ሌላው አዲስ አበባ መጋዘን ይገባል። «እኔ ለስብሰባ ሄጄ እስክመለስ አስቡበት፤ የምትሠሩበት እናንተ ናችሁ» አለ። ደስ አለኝ። ቦርሳውን አንስቶ ሊወጣ ሲል ግን ዞር ብሎ፣ «በነገራችን ላይ ዊንዶውስ ከሆነ ሁሉም የየራሱን ደብዳቤ ይጽፋል። የጸሐፊውን መደብ ያኔ እናየዋለን» አለና ሄደ።

መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእኔ ውል የሚታደሰው በየዓመቱ ነበር፤ የሚያልቅበት ጊዜም ደርሷል። ታናሽ እህቴ ከደጋ ወርዳ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ እኔ ቤት ሆና ትማራለች። እኔ ሥራ ካጣሁ እሷ ወደ ላይ ትመለሳለች፤ ወደ ላይ ከተመለሰች ደግሞ ትምህርቱ አበቃለት፣ ይድሯታል። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም። እሷ ግን «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትንቆራጠጪው?» ትለኛለች። «ቁንጫ ነው» እላለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የማያስቀምጠኝ የዕቅዱ ልጅ መሰለኝና ቂም ያዝኩበት። ልጁ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ ላሳይሽ» ይለኛል። «ይኸው፣ ኤስን ትነኪያለሽ፣ ቀጥለሽ ኢን ትነኪያለሽ፣ ሰ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊ አማርኛ ይወጣል ማለት ነው። ቀላል እኮ ነው!»

«ለአንተ ነዋ ቀላሉ! የእኔ እጅ ሰ የት እንዳለ ያውቃል። ምን ቆርጦኝ ነው በፈረንጅ ፊደል ዞሬ ወደ አማርኛ የምመጣው?»

«ማክ የሚችል ሰው እኮ በአርባ ምንጭ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ ይሄ ጥፋት ነው?»

ይስቃል። ደሜ ይፈላል።

ምክር ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጃፍ የለም። ሲቀላ ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ሰውዬ ጠየቅሁት፤ «ማክ ለጋዜጣ ቤት ነው የሚሆነው፤ እዚህ ቢበላሽ ማን ይነካዋል?» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። አንድ የኮሌጅ ተማሪ «ማክ ቫይረስ አይዘውም» ሲለኝ ደግሞ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፤ ለእሷም ነገርኳት። ዓሣውን እየገፈፈች በደንብ ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «ሁለቱም ቴሌቪዥን አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ግን ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

እንዲህ ስንቆራጠጥ ኦቾሎ የሚባለው የደጋ መንደር ጉዳይ መጣ። ለኦቾሎ ሰዎች ውኃ ልናወርድላቸው የውል ሰነድ አዘጋጅተን ነበር፤ በማኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰነዱን የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት አንድ አንቀጽ ይጨመር አለ። «ዲስኩን ይዘሽ ነይ፤ እዚሁ ጨምረን፣ አትመን፣ ማኅተም እናደርግበታለን» አሉኝ። አንድ የኦቾሎ ሽማግሌ ወረቀቱን ሊወስዱ ገና በጠዋቱ ወርደው የመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተቀምጠዋል። ሰዉ ቦይ ለመቆፈር ዶማውን ይዞ የሚጠብቀው እሳቸውን ነው። አንድ ላይ ገባን።

እዚያ ያለው ሁሉ ዊንዶውስ ነው። ጸሐፊዋ ዲስኩን ስታስገባው ማሽኑ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። እሷ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት። ዲስኩ አልተዘጋጀም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ነው የሚለው፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያውቃል? «ምን ልበለው?» አለችኝ። «እሺ በይው» አልኳት። ማሽን እንዲያ አክብሮ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ነውር መስሎን ነው መሰል፣ እሺ አልነው። ትንሽ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ከዚያ ዲስኩ ባዶ ነው አለን። ወይ ጉድ! ሰነዱን በፈቃዳችን አጥፍተነዋል።

በእኛ ቢሮ በኩል መብራት ጠፍቶ ነበርና ተመልሼ ከማኩ ልገለብጠው አልችልም። በእጄ ያለው የታተመው ኮፒ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ስብሰባ ተጠራችና «ራስሽ ጻፊው» ብላኝ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። የእሷም ፕሮግራም ያው የልጁ ዓይነት ሆኖ አረፈው። በአንድ ጣት፣ ኤስን ፈልጌ፣ ኢን ፈልጌ። አንድ መስመር ስጨርስ ባለጉዳዩ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ጣቴ ይሳሳታል፣ አጠፋለሁ፣ መልሶ ይሳሳታል።

ሽማግሌው አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩ። ቢሯችን ሲመጡ ስጽፍ አይተውኛል፤ ያውቁኛል። ጎንበስ ብለው በጋሞኛ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማ፣ «ልጄ፣ እጅሽን ምን ነካው? አመመሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ደህና ነኝ» አልኳቸው። እንባዬ ግን ዓይኔ ላይ ሞላ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰነዱን እስክጨርስ የማኅተሙ ሰው ወጥቶ ሄደ። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እንዲያውም መርቀውኝ ነው የሄዱት። እኔ ታክሲ መሳፈር አቅቶኝ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩት። በማን እንደምናደድ አላውቅም። በልጁ ተናደድኩ፣ በኢንጂነሩ ተናደድኩ፣ ጥሎኝ በሄደው ፈረንጅ ሳይቀር ተናደድኩ። በማኩም ተናደድኩ፤ ቢሮዬ ውስጥ አንበሳ አድርጎኝ ደጅ ስወጣ የት ሄደ?

ኢንጂነሩ ሲመለስ ሁላችንንም ሰበሰበን። ከእሱና ከልጁ በቀር ሁላችንም የጋሞ ሰዎች ነን። «ማክ የምትሉ እጅ አውጡ» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሾፌራችን ብድግ አሉ።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅ ማውጣቱ ይቅርብን» አሉ። «በእኛ አገር ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም ሸንጎው በሚቀመጥበት ሜዳ ላይ፣ እጅ ተቆጥሮ አይበተንም። ሁሉም ይናገራል። ቅር ያለው አንድ ሰው እንኳ ካለ አንነሳም።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ቶሎ የሚያልቅ መስሎት «ይሁን» አለ።

ተራ በተራ ተናገርን። ገንዘብ ያዧ ዊንዶውስ አለች፤ ሒሳቡን የምትልከው ለዊንዶውስ ሰዎች ነው። ንብረት ክፍሉ ዊንዶውስ አለ። ልጁም ዊንዶውስ አለ፤ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ሾፌሩ «እኔ የማውቀው ቶዮታ ነው» ብለው አሳቁን። እኔ በመጨረሻ ነበርኩ። ስለ ማኩ የምናገረውን ሁሉ ቤቴ ደጋግሜ ተለማምጄ መጥቻለሁ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ዊንዶውስ ይሻላል» አልኩ። የኦቾሎውን ቀን ነገርኳቸው፤ ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ነገርኳቸው። «እኛ ብቻችንን ሌላ ማሽን ይዘን ብንቀመጥ የሚንገላታው የደጋው ሰው ነው» አልኩ። አንድ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን አነሳ። «እንግዲህ ሁላችንም ተስማማን።»

«እኔ አልተስማማሁም» አልኩ።

«አሁን ይሻላል አላልሽም?»

«ማሽኑ ይሻላል አልኩ እንጂ እኔ ልሂድ አላልኩም።»

ኢንጂነሩ፣ ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ ሌላ ጊዜ እናየዋለን አለ። ይህቺን ቃል ደገማት! ሾፌሩ እግራቸውን አጣጥፈው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ሰው ቅር ብሎታል፤ አንነሳም» አሉ። ገንዘብ ያዧ ነጠላዋን አስተካክላ ተደገፈች። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልጮኸ፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ውጪ ሰው ምሳ ሊበላ ሲወጣ ይሰማል። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ስቁነጠነጥ የከረምኩት ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ንቅንቅ አላልኩም።

በመጨረሻ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንጂነር፣ እኔ በበኩሌ የእሷን ሥራ አልሠራም» አለ። ለዚህ ልጅ ስንት እርግማን አውርጄበት ነበር፤ አንገቴን ደፋሁ።

ኢንጂነሩ ተነፈሰ። «እሺ። ውልሽን ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፤ እፈርማለሁ። ግን በዚያ ላይ ነው የምትጽፊው» ብሎ በእጁ ዊንዶውሱን አሳየኝ። «ማንም አይርዳሽ።»

ሌሎቹ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። እኔ ተቀመጥኩ። ልጁ ሄዶ ሄዶ አላስችለው ሲል ተመልሶ መጣና «እትዬ፣ እሷን ፊደል እንኳ…» ብሎ እጁን ሲዘረጋ «እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። ሰበሰበ፤ ግን አልሄደም፣ ቆሞ አብሮኝ አላበው። ከሰዓት በኋላው ሁሉ አለቀ። የሚጠፋ ፊደል ይጠፋል፣ የሚደገም ይደገማል፤ ያረምኩት መስመር ሌላ ስህተት ይዞ ብቅ ይላል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ሳላርም አተምኩት።

ኢንጂነሩ ቆሞ አነበበው። እስክሪብቶው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ ቆመ።

«ብዙ ስህተት አለው» አለኝ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። «አንቺ እንዲህ ያለ ወረቀት አስፈርመሽ የምታውቂ አይመስለኝም። አስተካክለሽ ነገ ብታመጪውስ?»

ነገ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። እህቴ ይህን ጊዜ ከትምህርት ቤት ገብታለች።

«ፈርሙበት» አልኩት።