ርእሰ መምህሩን «አንተ» ያለችው እህቴ

በእኛ ሰፈር ሌባ ይታለፋል፤ ትልቅ ሰው «አንተ» ያለ ልጅ ግን አይታለፍም።

ታናሽ እህቴ ከመታመሟ በፊት ምላሷ ማር ነበር። ቡሬ አጠገብ ገጠር ሳለን መንገደኛውን ሁሉ «እንደምን ዋሉ» እያለች ታቆም ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ጉንጯን ስመው ይመርቋት ነበር። ከዚያ ትኩሳት ያዛት፣ አንቀጠቀጣት፣ ራሷን ሳተች። ፍኖተ ሰላም አምጥተናት ሆስፒታል ውስጥ ስትነቃ አባታችንን ትክ ብላ አየቻቸውና «አንተ፣ ውሃ» አለቻቸው። እኛ ቤት አባቴን «አንተ» ያለ ልጅ ኖሮ አያውቅም። እሳቸው ግን ድምጿን ስለሰሙ ብቻ አለቀሱ።

ሐኪሟ «ቫይረሱ አንጎሏን አቁስሎት ነው የሄደው» አለችን። «ትኩሳቱ አልፏል፤ ጉዳቱ ግን አብሯት ሊቆይ ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ይረሳል፣ አንዳንዱን ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ጠባዩ ይለወጣል። ደጋግማችሁ አስተምሯት።»

እህቴን ሁሉም ደረሳት። የሚጥላትን ኪኒኑ ጋብ አደረገላት። ለተደበላለቀባት «አንተ» እና «እርስዎ» ግን ኪኒን የለም። አልጋ ላይ የወጣችውን ዶሮ «ይውረዱ እንጂ» ትላታለች። ቄሱ መስቀል ሊያሳልሟት ሲሉ ደግሞ «ዝቅ አድርግልኝ፣ አልደረስኩም» አለቻቸው። እሳቸው ስቀው ዝቅ አደረጉላት።

ጎረቤቶቻችን ግን ከቄሱ በላይ ጻድቃን ናቸው። እናቴ እየሰማች «አሳዳጊ የበደላት!» ይላሉ። አንዷማ እህቴ በወደቀች ቁጥር ክብሪት ጭራ አፍንጫዋ ሥር ታጨስባታለች። አንጎል በክብሪት ጭስ የሚድን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ለራሷ በጫረች!

ዘንድሮ ርእሰ መምህሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲጮህ እህቴ «አንተ፣ አትጩህ፣ ራሴን ያመኛል» አለችው። በተማሪ ሁሉ ፊት። አባረራት። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እህቴ ቤት ከዋለች የቀራት ፊደልም እንደሚጠፋት እናውቃለን። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቢሮው ሄዱ፤ እህቴን ይዤ እኔም ተከተልኩ።

«ባለጌ አላስተምርም» አለ ርእሰ መምህሩ። እዚህ ላይ «አለ» እንጂ «አሉ» አልለውም፤ ሆን ብዬ ነው። መጻፍ መቻል እንዴት ደስ ይላል!

«ይቅር ይበሏት ጌታዬ፣ ታማብኝ ነው» አሉ አባቴ፣ ልጃቸው ሊሆን ለሚችል ሰው ጎንበስ ብለው።

«ራስ ይታመማል እንጂ ጠባይ ይታመማል እንዴ? ይቺ ደንቆሮ ይቅርታ ትጠይቅ!»

እህቴ የምትችለውን ያህል ፈገግ ብላ «አንተ፣ ይቅር በለኝ» አለችው።

እንደ ሊጥ አበጠ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሳቋን በሳል ሸፈነች።

እኔ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ጠባይ የት የሚቀመጥ መስሎዎት ነው? ጉበት ውስጥ?»

አባቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። አላቆምኩም።

«እሷ ‹አንተ› ያለችዎት ቃሉ ጠፍቷት ነው። እርስዎ ‹ደንቆሮ› ያሏት ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

ርእሰ መምህሩ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ መልሶ ከደነ። ጸሐፊዋን በቆረጣ አያት፤ እሷ አሁንም ታስላለች።

«ሰኞ ትምጣ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። «ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ።»

አባቴ ምርቃት ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እህቴ ቀደመቻቸው።

«እሺ፤ አንተም ና!»

አባቴ ጋቢያቸውን ቶሎ አፋቸው ላይ ያዙ። ከኋላቸው ስለነበርኩ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።